ልጆችን ከስልክ አስነስቶ ሰኞ ማክሰኞ ማጫወት፦ ከጠጠር መረጣ እስከ ጭቅጭቅ

ብዙ ወላጅ አንድ ቅዳሜ ይነሳሳል። ልጆቹን ሰብስቦ "ዛሬ እኛ የተጫወትነውን አሳያችኋለሁ" ይላል። ከዚያ ያስረዳል፣ ያስረዳል፣ ያስረዳል። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ግማሹ ልጅ ወደ ስልኩ ተመልሷል። ወላጁም "የዘንድሮ ልጅ ጨዋታ አያውቅም" ብሎ ይገባል።

እኔም እንዲሁ ሆኛለሁ። በኮንዶሚኒየማችን ግቢ 9 ልጆች ደርድሬ የሱዚን፣ የላስቲክ ዝላዩን፣ ሕግ እንደ ቀበሌ ስብሰባ አጀንዳ አንድ፣ ሁለት እያልኩ ዘረዘርኩላቸው። አንዱ ልጅ እጁን አውጥቶ "ስንት ሌቭል አለው?" አለኝ። "ይሄ ጌም አይደለም!" ብዬ ቆጣ አልኩ። ልጁ ሄደ። አራቱ ተከተሉት። ጥያቄው ትክክል እንደነበር የገባኝ ማታ ነው። ሱዚ እኮ ሌቭል አለው፤ ከቁርጭምጭሚት ይጀምራል።

ከዚህ በታች ያለው ለአንድ ከሰዓት በኋላ ነው። ከ6 እስከ 12 የሚሆኑ ልጆች፣ ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 12። ሕጎቹ ሰፈር በሰፈር ይለያያሉ፤ እኔ የምጽፈው የማጫውተውን ነው። የእናንተ ሰፈር ሌላ ከሆነ የእናንተን ተጠቀሙ። የጨዋታዎቹን ቅደም ተከተል ግን አትንኩ።

ደረጃ 1፦ ዕቃውን ዓርብ ማታ አዘጋጁ

ቅዳሜ ልጆቹ ቆመው እያዩ ላስቲክ መፈለግ ከጀመራችሁ አለቀላችሁ።

ለቅልብልቦሽ 5 ጠጠር። ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ነው። ግንባታ ቦታ ተከምሮ የሚገኘውን የተፈጨ ጠጠር አታምጡ። ጠርዙ ስለታም ነው፤ መዳፍ ይቧጥራል፣ ልጁም በሁለተኛው ዙር ያቆማል። መጠኑ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል፣ ድቡልቡል ያለ ግን እንደ ብይ የማይንከባለል ጠጠር ፈልጉ። አምስቱም ተቀራራቢ ይሁኑ። አንዱ ከከበደ ልጁ እሱን ብቻ ለመወርወር ይመርጣል፣ ሌላውም "አጭበረበርክ" ይላል። ጥሩ ጠጠር ካጣችሁ የኮክን ጠንካራ የውስጥ ፍሬ አጥባችሁ አድርቁ። ሸካራ ስለሆነ ከእጅ አያመልጥም። ውጭ አገር ያላችሁም በቀላሉ ታገኙታላችሁ። ጠጠሩን አዘጋጅታችሁ ስትጨርሱ አምስቱን በአንድ መዳፍ ያዙ። በልጅ እጅ መጠን አስቡት። መዳፉን ሞልቶ ከተረፈ ትልቅ ነው።

ለሱዚ ላስቲክ። የቀሚስና የሱሪ ወገብ ላይ የሚገባው ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ 4 ሜትር ያህል። ጫፍና ጫፉን ደርባችሁ ስፉት። ከቋጠራችሁት ቋጠሮው ባት ይመታል፣ ደግሞም ልክ ጨዋታው ሲሞቅ ይፈታል። ቀጭን ክብ ላስቲክ አይሁን፤ እግር ላይ ሲጠመጠም ያማል።

ለሰኞ ማክሰኞ መወርወሪያና ጠመኔ። መወርወሪያው ጠፍጣፋና ከበድ ያለ ይሁን። እኛ አፈር የሞላነው የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ነበረን፤ እስካሁን ከእሱ የተሻለ አላገኘሁም፤ ሲያርፍ አይነጥርም። የሴራሚክ ስባሪ ከሆነ ጠርዙን ሲሚንቶ ላይ አሹት። ከሰል ይሰምራል፣ ግን ነጭ ካልሲ ላይ ያረፈ ከሰል ከጎረቤት እናት ጋር ያጣላችኋል።

አንድ መሃረብ። መሃሉ ላይ አንድ ጊዜ ቋጥሩት። ያልተቋጠረ መሃረብ ነፋስ ይወስደዋል። የተቋጠረ ግን የተጣለበት ቦታ ላይ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ3 ዓመት በታች ሕፃን አካባቢው ላይ ካለ ጠጠሩ ከሥሩ ይራቅ። እጁ የገባ ሁሉ አፉ ይገባል።

ደረጃ 2፦ ቦታውን በእግራችሁ ዙሩት

ኮብልስቶን ላይ ሰኞ ማክሰኞ አይሆንም። መስመሩ አይታይም፣ መወርወሪያው ይነጥራል፣ በአንድ እግር የሚዘል ልጅ ቁርጭምጭሚቱ ይታጠፋል። ከሕንፃው መግቢያ ያለውን ለስላሳ ሲሚንቶ ያዙ። እሱ ከሌለ ደልደል ያለ አፈር ላይ በእንጨት ጫሩ።

ከዚያ ዞር ዞር በሉ። ያልተከደነ ማንሆል አለ? የቆመ መኪና አለ? የተሰበረ ጠርሙስ? የውሃ ታንከር መክደኛው ተዘግቷል? የመኪና መውጫ ከሆነ ጥበቃውን ቀድማችሁ አናግሩት። "ጋሼ፣ እስከ 11 ሰዓት ልጆች እዚህ ናቸው፣ መኪና ሲመጣ ይጩሁልን" ማለት በቂ ነው። ደስ ይለዋል እንጂ እምቢ አይልም።

ሰዓቱ 9 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። 7 ሰዓት ላይ ፀሐዩ ያናድዳቸዋል፤ 11 ሰዓት ካለፈ እናቶች መጣራት ይጀምራሉ።

ደረጃ 3፦ ልጆቹን አትጥሩ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ብዙ ሰው የሚዘለውም ይህንኑ ነው።

"ኑ ተጫወቱ" አትበሉ። ስልካቸውን አትቀሙ። ደረጃው ላይ ተቀመጡ፣ አምስቱን ጠጠር አውጡ፣ ብቻችሁን ቅልብልቦሽ ተጫወቱ። አዎ፣ ታፍራላችሁ። ጎረቤት ያያችኋል። ይይ።

አጨዋወቱ ይህ ነው።

1. አምስቱን መሬት ላይ በትኑ፤ ሰፋ ሳይል፣ እጅ ከሚደርስበት ሳያልፍ።
2. አንዱን አንሱ። ወደ ላይ ወርውሩ። አየር ላይ እያለ ከመሬት አንድ አፍሱ፣ በዚያው እጅ የተወረወረውን ቅለቡ። እንዲህ እያላችሁ አራቱንም አንድ በአንድ ጨርሱ። ይህ "አንድ" ነው።
3. እንደገና በትኑ። አሁን ሁለት ሁለት አፍሱ።
4. ቀጥሎ ሦስቱን በአንዴ፣ የቀረውን አንድ ለብቻው።
5. ቀጥሎ አራቱን በአንዴ።
6. በመጨረሻ አምስቱንም ወርውራችሁ በእጃችሁ ጀርባ ተቀበሉ። ከእጃችሁ ጀርባ መልሳችሁ ወርውሩና በመዳፍ ቅለቡ። የቀለባችሁት ጠጠር ብዛት ነጥባችሁ ነው።

የተወረወረው ከወደቀ ወይም ስታፍሱ ሌላውን ጠጠር ካነቃነቃችሁ ተራው ያልፋል።

እናንተም ትስታላችሁ። እጅ ይረሳል። ሲወድቅባችሁ ጮክ ብላችሁ "ኤጭ!" በሉ። ያን ጊዜ አንዱ ልጅ ቀና ይላል። ከዚያ ይጠጋል። ከዚያ "ልሞክር?" ይላል። ወዲያው አትስጡት። "ቆይ ተራዬን ልጨርስ" በሉት። ሕግ አታስረዱ፤ ሲስት "ይሄ ተነቃነቀ፣ ተራዬ ነው" ብላችሁ ውሰዱት። በሁለት ዙር ሕጉን ራሱ ያውቀዋል፤ በሦስተኛው ለጓደኛው ያስረዳል።

ካልሠራስ? 15 ደቂቃ ቆጥራችሁ ማንም ካልመጣ ሌላ ትልቅ ሰው ጥሩና ለሁለት ተጫወቱ፣ ተከራከሩ። ትልልቅ ሰዎች በጠጠር ሲጣሉ ቆሞ የማያይ ልጅ የለም።

ልጁ መቅለብ ካቃተውና ሊያለቅስ ከደረሰ፦ ከፍ አድርጎ እየወረወረ ይሆናል። ጠጠሩ ከዓይኑ እንዳያልፍ ንገሩት። ሲያፍስ ዓይኑ መሬት ላይ፣ ሲቀልብ ዓይኑ ጠጠሩ ላይ። ለ5 ዓመት ልጅ በሁለት እጅ መቅለብ ፍቀዱ።

ደረጃ 4፦ ስድስት ገደማ ሲሆኑ አስነሷቸው

ቅልብልቦሽ ተራ ያስጠብቃል። የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ስልክ ያወጣል። ስለዚህ ስድስት ገደማ ሲሆኑ ወደ "መሃረቤን ያያችሁ" እለፉ።

1. በክብ ይቀመጡ፣ ፊታቸው ወደ ውስጥ። በሁለቱ መካከል አንድ ክንድ ያህል ይተው።
2. አንዱ መሃረቡን ደብቆ ከጀርባቸው ይዞራል። "መሃረቤን ያያችሁ?" ይላል፣ እነሱ "አላየንም ባካችሁ" ይመልሳሉ።
3. ሳይታወቅ ከአንዱ ጀርባ ይጥላል፤ እንዳልጣለ ሆኖ ይቀጥላል።
4. የተጣለበት ካወቀ መሃረቡን አንስቶ ያባርረዋል። የጣለው ዞሮ ባዶው ቦታ ላይ ቀድሞ ከተቀመጠ፣ አባራሪው ቀጣይ ዟሪ ነው። ቀድሞ ከተያዘ ራሱ ይደግማል።
5. የተጣለበት ሳያውቅ ዟሪው ዙሩን ጨርሶ ከደረሰበት፣ የተጣለበት ልጅ መሃል ገብቶ አንድ ዙር ይቀመጣል።

ዞሮ ማየት ክልክል ነው። በእጅ ከኋላ መዳሰስ ግን ይፈቀዳል። ሁሌም ለአንድ ጓደኛው ብቻ የሚጥል ልጅ ይኖራል። "አንድ ሰው ላይ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አይጣልም" በሉና ጨርሱት።

ከሦስት ወይም አራት ዙር በኋላ፣ ገና ሳይሰለቹ፣ አቁሙ። "አንዴ ብቻ!" ብለው ሲለምኑ ማለት ነው። ከሰለቹ በኋላ የቆመ ጨዋታ በሚቀጥለው ሳምንት አይነሳም።

ደረጃ 5፦ ሰኞ ማክሰኞ

ሥዕሉን እናንተ አትሣሉ። ጠመኔውን ለትልቁ ልጅ ስጡት፣ ልኩን ብቻ ንገሩት። የአንዱ ቤት ጎን 40 ሳንቲ ሜትር ገደማ፤ የእናንተ ጫማ ርዝመት አንድ ተኩል ያህል። ልጆች ሲሥሉ ሁሌም አስፍተው ነው፤ ከዚያ ትንንሾቹ መዝለል ያቅታቸዋል።

ሰኞ፣ ማክሰኞ፣ ረቡዕ ነጠላ ሆነው ይደረደራሉ። ሐሙስና ዓርብ ጎን ለጎን። ቅዳሜ ነጠላ። እሁድ ጫፍ ላይ፣ እንደ ግማሽ ክብ። እሁድ እረፍት ነው፤ ሁለት እግር ያሳርፋል።

1. ከመስመሩ ውጭ ቆመው መወርወሪያውን ሰኞ ላይ ይጥላሉ።
2. ሰኞን ዘለው በአንድ እግር ማክሰኞ፣ ረቡዕ። ሐሙስና ዓርብን በሁለት እግር፤ አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ። ቅዳሜ በአንድ እግር። እሁድ ላይ ያርፋሉ፣ ይዞራሉ።
3. በዚያው መንገድ ይመለሳሉ። ማክሰኞ ላይ በአንድ እግር ቆመው ጎንበስ ብለው ከሰኞ መወርወሪያውን ያነሳሉ፣ ሰኞን ዘለው ይወጣሉ።
4. ቀጥሎ ማክሰኞ ላይ ይጥላሉ። እንዲህ እያለ እስከ ቅዳሜ።
5. የጨረሰ ጀርባውን ሰጥቶ ይወረውራል። ያረፈበት ቤቱ ነው። ስሙን ይጽፍበታል፣ ሁለት እግር ያሳርፍበታል። ሌላው ሰው አይረግጠውም።

መስመር የረገጠ፣ እግሩን ያወረደ፣ መወርወሪያው መስመር ላይ ያረፈበት፣ ተቃጥሏል። ተራው ያልፋል። ሲመለስ ከቆመበት ቀን ይቀጥላል እንጂ ከሰኞ አይጀምርም። ይህን ካልነገራችኋቸው ትንንሾቹ ዕድሜ ልካቸውን ሰኞ ላይ ይቀራሉ።

የሚበላሸው ቤት ሲበዛ ነው። ሁለት ተከታታይ ቤት ሲያዝ የ6 ዓመት ልጅ መሻገር አይችልም። መፍትሔው፣ ባለቤቱ ጥግ ላይ የአንድ እግር መረገጫ ትንሽ ክብ ይሥራለት። ልጆች ራሳቸው ይህንን ሊሸጡ ይሞክራሉ። አንዷ ልጅ ለመሻገሪያ አንድ ከረሜላ ስታስከፍል አግኝቻታለሁ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ከለከልኩ፣ ግን ጭንቅላቷን አደነቅኩ።

ደረጃ 6፦ ሱዚ፣ በሌቭል

ሁለት ልጅ ላስቲኩን በእግራቸው ወጥረው ይቆማሉ፣ ሦስተኛዋ ትዘላለች። ላስቲኩ እንዲወጠር እንጂ እንዲጮህ አያስፈልግም፤ በጣት ስትነኩት መለስ ካለ በቂ ነው።

መጀመሪያ ቁርጭምጭሚት፣ ከዚያ ባት፣ ጉልበት፣ ጭን፣ ወገብ። አዘላለሉን ከመጀመራችሁ በፊት ተስማሙ። ለጀማሪ፦ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውጭ፣ ሁለቱንም ረግጦ መቆም፣ መውጣት። የሳተች ያዥ ትሆናለች።

ማስጠንቀቂያ፦ ከብብት በላይ አይወጣም። አንገት ላይ ላስቲክ ማድረግ ፈጽሞ ክልክል ነው። ትልልቆቹ "እኛ እንችላለን" ይላሉ። አይቻልም በሉ፣ አትከራከሩ።

ያዥ ካነሰ ወንበር ተጠቀሙ፤ ግን ባዶ የፕላስቲክ ወንበር ላስቲኩ ሲሳብ ተገልብጦ የዘላይዋን ጀርባ ይመታል። ውሃ የሞላ ጀሪካን አስቀምጡበት።

ወንዶቹ "የሴት ጨዋታ ነው" ካሉ መልስ አትስጡ። አንድ ወንድ ልጅ ያዥ አድርጉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ "እኔም ተራ አለኝ" ይላል።

ደረጃ 7፦ ኩኩሉ፣ በድንበር

ድብብቆሽን አጥሬ ልለፈው፤ ሁሉም ያውቀዋል። ፈላጊው ዓይኑን ጨፍኖ "ኩኩሉ!" ሲል የተደበቁት "አልነጋም!" ይላሉ፤ ሲዘጋጁ "ነጋ!"። የሚያስፈልገው ድንበር ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ድንበሩን በእግር አሳዩአቸው። መኪና ሥር፣ የውሃ ታንከር አጠገብ፣ ቆጣሪ ያለበት ክፍል፣ ከበር ውጭ መደበቅ ከጨዋታ ያስወጣል። ከመጀመሩ በፊት ቁጠሯቸው፣ ሲያልቅም ቁጠሯቸው። አንድ ልጅ ከጠፋ "ጨዋታው አልቋል፣ ውጣ" ብለው ሁሉም አብረው ይጥሩት። ብዙ ጊዜ ቤቱ ገብቶ ዳቦ እየበላ ነው።

ደረጃ 8፦ ሲደክማቸው እንቆቅልሽ

አሁን ላብ በላብ ናቸው። ውሃ ስጧቸው፣ ደረጃው ላይ አስቀምጧቸው። አፍ የሚሠራው እዚህ ነው እንጂ መጀመሪያ ላይ አይደለም።

ጠያቂው ለወንድ "እንቆቅልህ"፣ ለሴት "እንቆቅልሽ" ይላል። መላሹም ጠያቂውን እያየ "ምን አውቅልህ" ወይም "ምን አውቅልሽ" ይላል። ውጭ አገር ላደጉ ልጆች ይህቺ ብቻ ከብዙ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ትሻላለች፤ ሲሳሳቱ ሌሎቹ ይስቃሉ፣ እነሱም ያርማሉ።

በቀላሉ ጀምሩ። "ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት" ጤዛ ናት። "ሲበላ ይኖራል፣ ሲጠጣ ይሞታል" እሳት ነው። ጤዛን አይተው የማያውቁ ልጆች ካሉ ጠዋት ሳር ላይ እስክታሳዩአቸው ያቺን እንቆቅልሽ ተዉአት። ካላወቁት "አገር ስጠኝ" ይባላሉ። ድርድሩ ከእንቆቅልሹ ይበልጣል። "አዳማን እንካ" "አልፈልግም" "ሐረርን?" "እሱ ይሁን!" አገሩን የወሰደ ተሸናፊውን እያሾፈ መልሱን ይናገራል። ሹፈቱ ቤተሰብ፣ መልክና ድህነት ላይ እንዳይሄድ አስቀድማችሁ ንገሩ። ከሄደ፣ የወሰደውን አገር ቀሙት።

ሲበላሽ

ጭቅጭቅ። "ረገጥሽ!" "አልረገጥኩም!" ይመጣል። እናንተ ዳኛ አትሁኑ። አንዴ ከዳኛችሁ ቀኑን ሙሉ ትዳኛላችሁ። "ተስማሙ፣ ካልሆነ ይደገም" በሉና ፊታችሁን አዙሩ። የምትገቡት እጅ ከተነሳ ወይም ሁለት ሦስት ሆነው አንዱ ላይ ከወረዱ ብቻ ነው።

የተሸነፈ አኩርፎ ሄደ። አትከተሉት። ጠመኔውን እንዲይዝ፣ ወይም ተራ እንዲቆጥር መልእክት ላኩበት። ሥራ ያለው ልጅ ይመለሳል።

ዝናብ መጣ። ቅልብልቦሹንና እንቆቅልሹን ይዛችሁ ደረጃው ሥር ግቡ። ሱዚ እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይዘለልም፤ ያዳልጣል።

ወላጅ መጥቶ "ዝም ብላችሁ ልጆቹን ታደክሟቸዋላችሁ" አለ። ላስቲኩን ያዝልኝ በሉት።

ሲያልቅ

ጠጠሩን፣ ላስቲኩንና ቆርቆሮውን ቤታችሁ አታስገቡ። በአንድ ካርቶን አድርጋችሁ ልጆቹ የሚያውቁት ቦታ፣ ለምሳሌ ከደረጃው ሥር፣ አስቀምጡ። ቁልፉ እናንተ ጋ ያለ ጨዋታ እናንተን ይጠብቃል። በሚቀጥለው ቅዳሜ አትጥሯቸው። 10 ሰዓት ሆኖ ካርቶኑን ማንም ካልነካው፣ ውረዱና አምስቱን ጠጠር አውጡ። ሲወድቅባችሁ "ኤጭ!" ማለትን አትርሱ።